ዘግይቶ የጀመረ ልጅ ምን ያንብብ?

በየዓመቱ መስከረም ሲጠባ ከወዳጆቼ የማይቀርልኝ አንድ ጥያቄ አለ፤ «ለልጄ ምን የአማርኛ መጽሐፍ ልግዛለት?» የሚል። ጠያቂዎቹ አብዛኛውን ጊዜ አዲስ አበባ የሚኖሩ፣ ከገቢያቸው የሚበልጠውን ለልጃቸው ትምህርት ቤት የሚከፍሉ፣ ልጁ ግን እንግሊዝኛውን እንደ ውኃ እየጠጣ አማርኛው ላይ ሲደርስ በኮረኮንች መንገድ ላይ እንዳለ መኪና የሚንገጫገጭባቸው ወላጆች ናቸው። ለእነዚህ መልስ መስጠት ብዙም አያስቸግርም። እነርሱ ጊዜ ቢያጡ ልጁን አቅፎ የሚያነብለት አያት አይጠፋም፤ ከ2014 ዓ.ም. ወዲህም አብርሆት ቤተ መጻሕፍት ተከፍቶላቸዋል።

ባለፈው ዓመት ግን ጥያቄው ከሌላ አቅጣጫ መጣ። አንኮበር ወረዳ ውስጥ በአንድ የገጠር ትምህርት ቤት ሁለተኛ ክፍል የምታስተምር የአክስት ልጅ አለችኝ። በ2015 ዓ.ም. ነሐሴ በአማራ ክልል ጦርነቱ ሲቀጣጠል ትምህርት ቤቶች በየቦታው ተዘጉ፤ የእርሷም ከተዘጉት አንዱ ሆነ። ሻንጣዋን አንጠልጥላ ደብረ ብርሃን፣ ጠባሴ፣ እናቷ ዘንድ ገባች። አስተማሪ ደግሞ እጁን አጣጥፎ መቀመጥ አይሆንለትም። ከሰዓት በኋላ የሰፈሩን ልጆች በእናቷ ሰርቪስ ቤት እየሰበሰበች ፊደል ማስቆጠር ጀመረች። ልጆቹ አሥራ አራት ናቸው። ግማሾቹ የጎረቤት ልጆች ሲሆኑ፣ ሌሎቹ ከ2013 ዓ.ም. ወዲህ ከወለጋ ተፈናቅለው ደብረ ብርሃን ከገቡ ቤተሰቦች የመጡ ናቸው። ስልክ ደውላ የነገረችኝ አጭር ነበር፤ «የሚነበብ ነገር ላክልኝ። ግን የሕፃን አይሁን፤ ትልልቆቹ ያፍራሉ።»

ይህን ጽሑፍ ያጻፈችኝ ሁለተኛዋ ዓረፍተ ነገር ናት።

ስለ ልጆች መጻሕፍት ስናወራ በሐሳባችን የሚመጣው ልጅ ዕድሜውና ንባቡ እኩል የሚሄዱለት ነው። ስድስት ዓመት ሲሞላው ፊደል ይቆጥራል፤ ሰባት ሲሞላው ቃል ይገጣጥማል፤ አሥር ሲሞላው ተረት ያነብባል። የአክስቴ ልጅ «ትልልቆቹ» የምትላቸው ግን የአሥራ አንድና የአሥራ ሁለት ዓመት ልጆች ናቸው። ከብት ጠብቀዋል፤ ታናሽ አዝለዋል፤ አንዳንዶቹ ሌሊት በጫካ ውስጥ በእግራቸው ተጉዘዋል። የዓለምን ነገር ከእኔ ይልቅ ያውቃሉ ብል ማጋነን አይሆንም። ፊደሉ ላይ ሲደርሱ ግን «ጸ»ን ከ«ጰ» ለመለየት ጣታቸውን መስመሩ ላይ ይተክላሉ። እንዲህ ላለው ልጅ ቢራቢሮና ኳስ ብቻ ያለበት መጽሐፍ ሲሰጡት ሽፋኑን አይቶ ይመልሰዋል። ፊደል ለቆጠረ የሚበቃው ወፍራም ልብ ወለድ ሲሰጡት ደግሞ አንድ ገጽ ሳይገፋ ይደክመዋል።

ይህን ልጅ ጦርነት ብቻውን አልፈጠረውም። በ2002 ዓ.ም. በስምንት ክልሎች በተካሄደ የንባብ ምዘና ከሁለተኛ ክፍል ተማሪዎች 34 በመቶ የሚሆኑት ከቀረበላቸው አጭር ታሪክ ውስጥ አንዲት ቃል እንኳ ማንበብ አልቻሉም ነበር። ከዚያ በኋላ የንባብ መማሪያዎች በሰባት የአገር ውስጥ ቋንቋዎች እንደገና ተዘጋጁ። ሥራው መልካም ነበር። ሆኖም መማሪያ መጽሐፍ መማሪያ ነው፤ ልጁ ደወል ከተደወለ በኋላ ወስዶ ጥግ ይዞ የሚያነበው ሌላ ነገር ይፈልጋል። ያኔ ሁለተኛ ክፍል የነበሩት ዛሬ ሃያ ዓመት አልፏቸዋል። አሁን ደግሞ ጦርነቱ በክልሉ በሚሊዮን የሚቆጠሩ ልጆችን ከክፍል አስወጥቶ ተራውን አስረዝሞታል።

እንግዲህ 5,000 ብር ይዤ ከለገሃር እስከ ብሔራዊ ቴአትር ያሉትን መጻሕፍት ቤቶች ሁለት ቀን ዞርኩ። ከውጭ የመጣ ማቅለሚያ ሞልቷል። ፊደል ገበታም ሞልቷል፤ አንዱ ላይ «ፓ»ን ለማስተማር ፓንዳ ተሥሎበታል፤ ሌላው ላይ «ዶ»ን ለማስተማር ዶልፊን። የደብረ ብርሃን ልጅ ፓንዳን በምን ያውቃል? ብዙዎቻችን የአበበን በሶና የጫላን ጩቤ እስከ ዛሬ የማንረሳው ቃላቱ የቤት ስለሆኑ ይመስለኛል። በሶ የገብስ አገር ልጅ በየማለዳው የሚያየው ነገር ነው፤ የመጀመሪያዋን ፊደል እንዳነበበ ምላሱ ሁለተኛዋን ቀድሞ ያውቃታል። ንባብ ሲጀመር ትልቁ ድጋፍ ይህ ነው። ልጁ የሚያነበውን ቃል አስቀድሞ በአፉ ሊያውቀው ይገባል። ዶልፊን ላይ ግን እንደ ዕውር በዳበሳ ይሄዳል፤ ከደረሰም በኋላ ምን ላይ እንደ ደረሰ አያውቀውም።

የተረት መጻሕፍቱም መደርደሪያ ሞልቷል። እዚህ ላይ የግሌን አስተያየት ልናገር። አብዛኞቹ መካሪዎች ናቸው። ድመቷ ትመክራለች፤ ዝንጀሮው ይመክራል፤ ኤሊዋማ ከምክር ሌላ ሥራ የላትም። በመጨረሻው ገጽ ላይ ደራሲው ራሱ ብቅ ብሎ ልጆች ከዚህ ምን እንደ ተማሩ ይጠይቃል። አያቶቻችን ተረት ሲያወሩ እንዲህ አያደርጉም ነበር። ጦጣ አንበሳን ታሞኘዋለች፤ ቤቱ በሳቅ ይሞላል፤ በቃ። ማን ትክክል እንደ ነበር ሲያከራክረን የሚያድረው እኛኑ ነው። ዘግይቶ ለጀመረ ልጅ ደግሞ ምክር ምን ያደርግለታል? ሲመከር ነው የኖረው።

ከዞርኩት ሁሉ ሃያ ሁለት መጻሕፍት መርጬ፣ በካርቶን አሽጌ፣ 130 ኪሎ ሜትሩን በአውቶቡስ ተጉዤ ደብረ ብርሃን ገባሁ። አንባቢ ሆይ፣ ደብረ ብርሃን ማታ ማታ ምን እንደሚመስል ለማያውቅ ሰው መንገር ይከብዳል። ከባሕር ወለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ያለ ከተማ ነው፤ ብርድ ልብስ የሚያመርት ፋብሪካ ያቋቋመው ያለ ነገር አይደለም። አክስቴ ከሰል አቀጣጥላ፣ ቆሎ አቅርባ፣ «ልጄ፣ ይህን ሁሉ መንገድ ወረቀት ተሸክመህ መጣህ?» አለችኝ። በማግስቱ ልጆቹ መጡ፤ ካርቶኑም ተከፈተ። ከዚያ ወዲያ የምጽፈው ልጆቹ የትኛውን እንደ ያዙና የትኛውን እንደ ጣሉ ያየሁትንና የአክስቴ ልጅ በየሳምንቱ በስልክ የነገረችኝን ነው።

ከሁሉ ቀድሞ የተቀዳደደው ማሞ ቂሎ ነው። ዮሐንስ ገብረ ጊዮርጊስ እ.ኤ.አ. በ2002 በአማርኛና በእንግሊዝኛ በቀለም ሥዕል ያሳተመው የታወቀው ተረት። ማሞ እናቱ የነገረችውን ሁሉ ቃል በቃል ይፈጽማል፤ ግን ሁልጊዜ ጊዜው ካለፈ በኋላ፣ ባልተገባው ነገር ላይ። ትልልቆቹ ልጆች በዚህ መጽሐፍ ለምን እንዳላፈሩበት ሳስበው ምክንያቱ ግልጽ ነው። ማሞ ከእነርሱ ይበልጥ ቂል ነው። ገጹን ከመግለጣቸው በፊት የሚሠራውን ስሕተት ያውቁታል፤ «አሁን ደግሞ እንዲህ ሊያደርግ ነው!» እያሉ ይጮኻሉ፤ ትክክል መሆናቸውን ለማረጋገጥም ያነብባሉ። ቀኑን ሙሉ አላዋቂ ሆኖ የሚውል ልጅ ለአንድ ሰዓት ከመጽሐፉ ጀግና የበለጠ ብልህ መሆን ያምረዋል።

የዚህ መጽሐፍ አሳታሚ ታሪክም ለነገራችን ቅርብ ነው። ዮሐንስ የነገሌ ቦረና ልጅ ነው። ከመማሪያ መጽሐፍ ውጭ የመጀመሪያውን መጽሐፍ ያነበበው በ19 ዓመቱ መሆኑን ራሱ ይናገራል። በስደት አሜሪካ ገብቶ በሳን ፍራንሲስኮ የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት የሕፃናት ክፍል ሲሠራ የብዙ ቋንቋ መጻሕፍት በእጁ ሲያልፉ የአማርኛ አጣ። እ.ኤ.አ. በ2002 አገሩ ተመልሶ በማግስቱ ዓመት ሾላ ሠፈር የልጆች ቤተ መጻሕፍት ከፈተ፤ ቀጥሎም በሐዋሳ መጻሕፍትን በአህያ ጋሪ እየጫነ ወደ ልጆቹ መውሰድ ጀመረ። ይህን ስሰማ የደብረ ብርሃን ባለጋሪዎች ትዝ ይሉኛል። በዚያች ከተማ ፈረስ ያልተሸከመው ነገር ምን አለ? ጤፍ፣ አሸዋ፣ ሙሽራ ሳይቀር ተሸክሟል። መጽሐፍ ብቻ ሲቀር።

ወደ መጻሕፍቱ ልመለስ። ሲያትል የሚገኘው «ኦፕን ሃርትስ ቢግ ድሪምስ» የተባለው ድርጅት «ሬዲ ሴት ጎ» በሚል ስም ከመቶ የሚበልጡ ቀጫጭን መጻሕፍት አሳትሟል። በሥራው ውስጥ ማጂ ያደገችው ደራሲ ጄን ከርትዝ አለችበት። በየገጹ አንድ ሁለት ዓረፍተ ነገር በአማርኛ፣ ከሥሩ ደግሞ በእንግሊዝኛ ይገኛል። እነዚህን ለታናናሾቹ ብዬ ነበር የያዝኩት። አንድ የአሥራ አንድ ዓመት ልጅ ግን (ከወለጋ የመጣ፣ ዝምተኛ፣ ሁልጊዜ በሩ አጠገብ የሚቀመጥ) አንዱን አንሥቶ ወደ ጥግ ሄደ። ታናሽ እህቱ «የሕፃን ነው!» ብላ ስትስቅበት ቀና ሳይል፣ «እንግሊዝኛ እያጠናሁ ነው» አላት። አማርኛውን ግን ነበር በጣቱ የሚከተለው።

ከዚህ ጥሩ ነገር ተማርኩ። ፊደል ባለማወቁ የሚያፍር ልጅ እንግሊዝኛ ባለማወቁ አያፍርም፤ እንግሊዝኛን ትልቅ ሰውም ይጀምረዋልና። ሁለት ቋንቋ ያለበት ቀጭን መጽሐፍ ለዘገየ ልጅ መደበቂያ ይሆነዋል። ይህን ስል በሁለት ቋንቋ የሚታተመውን ሁሉ ግዙ ማለቴ አይደለም። በገበያው ላይ ካሉት አንዳንዶቹ በእንግሊዝኛ ታስበው ወደ አማርኛ የተገለበጡ ናቸው። ጀርባቸው ይታወቃል፤ እናት ልጇን «ማሬ» እያለች ትጠራዋለች፣ ልጁም አያቱን «አንተ» ይላል። ከመግዛትዎ በፊት አንድ ገጽ ድምፅ አውጥተው ያንብቡ። አፍዎ ከተደናቀፈ የልጁም ይደናቀፋል።

ስለ ሩቅ አገር ካነሣን አይቀር፣ አንኮበርን ሳላነሣ ብቀር ቅር ይለኛል። ለአማርኛ ተማሪ የታተመ መጽሐፍ ከውጭ መምጣቱ ትናንት የተጀመረ ነገር አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1839 ኢዘንበርግና ክራፕፍ የሚባሉ ሁለት ጀርመናውያን ሚሲዮናውያን ወደ ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ አገር መጥተው አንኮበር ተቀመጡ። ኢዘንበርግ ያው ዓመት ሳያልቅ ተመለሰ፤ ብዙም ሳይቆይ ለንደን ላይ የአማርኛ ፊደል መማሪያ፣ ጂኦግራፊና የዓለም ታሪክ፣ ከመዝገበ ቃላትና ከሰዋስው ጋር አሳተመ። የአክስቴ ልጅ የምታስተምረው ልጅ ቅድመ አያት ምናልባት ከገደሉ አፋፍ ቆሞ እነዚያን ሰዎች አይቷቸው ይሆናል። 180 ዓመት አልፎ ዛሬም የአንኮበር ልጅ በእጁ የሚይዘው ባለ ሥዕል መጽሐፍ ሲያትል ወይም ጆሃንስበርግ የተሰናዳ ነው። አንዳንድ ሰው ይህን ሲሰማ ይቆጣል። እኔ በበኩሌ የሚያስቆጣኝ መጽሐፉ ከሩቅ መምጣቱ ሳይሆን እንግዳ ሆኖ መቅረቱ ነው።

ለዚህ ምስክሬ እዚያው ሰሜን ሸዋ የተወለዱት ከበደ ሚካኤል ናቸው። ትውልድ ሁሉ በትምህርት ቤት ያነበበው «ታሪክና ምሳሌ» ውስጥ ካሉት የግጥም ተረቶች ብዙዎቹ የፈረንሳዊው ላ ፎንቴን ናቸው፤ ላ ፎንቴንም ከኤዞጵና ከሌሎች የወሰዳቸው። ነገር ግን የከበደ ሚካኤል ቁራና ቀበሮ ፈረንሳይኛ አይሸቱም። አባቶቻችን ሲቀመጡም ሲነሡም በቃላቸው ይሏቸው የነበረው እንግዳ ስላልሆኑባቸው ነው። እኒያን ተረቶች ለዛሬው ልጅ፣ በጎላ ፊደል፣ አንድ ገጽ ላይ አንድ ተረት አድርጎ በሥዕል የሚያወጣ አሳታሚ ቢገኝ የመጀመሪያው ገዢ እኔ ነኝ። ዛሬ በእጅ የሚገኙት ቅጂዎች ፊደላቸው ደቃቅ ነው፤ ለዘገየ ልጅ አይሆኑም፤ ለሚያነብለት አስተማሪ ግን ይሆናሉ። እንደዚሁም የሐዲስ አለማየሁን «ተረት ተረት የመሠረት» (1948 ዓ.ም.) በድምፅ ለማንበብ ከሁሉ አስቀድሜ እመርጠዋለሁ።

በድምፅ ከተነበቡት ውስጥ ግን አንደኛ የወጣው በአማርኛ መጽሐፍ ሆኖ ያልነበረ ነው። ሃሮልድ ኮርላንደርና ቮልፍ ሌስላው እ.ኤ.አ. በ1950 ባሳተሙት የኢትዮጵያ ተረቶች መድብል ውስጥ ያለውን የተራራው እሳት ተረት ጄን ከርትዝ እ.ኤ.አ. በ1994 ለልጆች አድርጋ ጽፋዋለች። አንድ ደሀ ልጅ ከሀብታም ጌታው ጋር ተወራርዶ በብርዳም ተራራ ላይ በስስ ልብስ ብቻ ያድራል፤ ሌሊቱን የሚገፋው ከሩቅ የሚታይ የእረኛ እሳት እያየ ነው። ጌታው «እሳት አይተህ ሞቀሃል» ብሎ የውርርዱን ይከለክለዋል። በኋላ ግብዣ ይደገስና ሀብታሙ የወጡን ሽታ ብቻ እንዲያሸት ይደረጋል። እሳት በማየት መሞቅ ከተቻለ በማሽተት መጥገብም ይቻላላ!

የአክስቴ ልጅ ይህን በአማርኛ ስታወራላቸው አየሩ ቀዝቅዞ፣ ልጆቹ ተጠጋግተው ነበር። ግማሽ ላይ ስትደርስ አንዲት ልጅ «ምን ለብሶ ነበር?» ብላ አቋረጠቻት። «ስስ ነጠላ።» «እግሩስ?» «ባዶውን።» በሩ አጠገብ የሚቀመጠው ልጅ ያን ጊዜ፣ «እኛም ስንመጣ ሦስት ሌሊት ውጭ አድረናል። እሳት ግን አላነደድንም፤ እንዳንታይ» አለ። ማንም አልመለሰለትም። የአክስቴ ልጅ ትንሽ ቆይታ ተረቱን ቀጠለች። ሀብታሙ ሽታ ላይ ሲደርስ ከሁሉ በላይ የሳቀው እርሱ ነበር። በማግስቱ፣ «ያ ተረት መጽሐፉ የት አለ?» ብሎ ጠየቃት። የአማርኛው መጽሐፍ ስላልነበራት በአሥራ ሁለት ወረቀት ላይ በትልልቅ ፊደል ጽፋ፣ በመርፌና ክር ሰፍታ ሰጠችው። በሦስት ሳምንት ጨርሶ አነበበው። ፊደል መለየት የሚቸግረው ልጅ ነው።

በወረቀት የመስፋቱ ነገር ብዙ መንገድ አለው። «አፍሪካን ስቶሪቡክ» የሚባል፣ ከደቡብ አፍሪካ የተነሣና እ.ኤ.አ. በ2014 የተጀመረ ሥራ አለ፤ ባለ ሥዕል የልጆች ታሪኮችን በብዙ የአፍሪካ ቋንቋዎች፣ አማርኛንም ጨምሮ፣ ማንም እንዲያትም፣ እንዲተረጉም፣ እንዲያሻሽል በነፃ ያቀርባል። ለአስተማሪ የማይገኝ ሀብት ነው። ታሪኩ በስልክም ይነበባል ይላሉ፤ ይሁን እንጂ በዚህ ላይ እምነቴን መጣል አልችልም። በክልሉ የሞባይል ኢንተርኔት ተቋርጦ ወራት ያስቆጠረበትን ጊዜ የአክስቴ ልጅ አልረሳችውም። መረቡ ሲኖር አውርዳ፣ በጥቁርና ነጭ አሳትማ፣ ማዕዘኑን በስቴፕለር ትመታዋለች። ልጆቹ ራሳቸው ቀለም ይቀቡታል። አማርኛው የከበዳት ቦታ ላይ በእስክሪፕቶ ታርማለች፤ ይህም የተፈቀደ ነው። አንዱን ታሪክ እንዳለ ወደ ሸዋ አምጥታዋለች፤ ዛፉ ጽድ ሆኗል፤ ገንፎውም የገብስ።

ንባቡ ትንሽ ለተፈታላቸው ትልልቆች «ጀምበር»ን እመክራለሁ። በሰራት ደበበ እ.ኤ.አ. በ2018 በ«ኤታን ኮሚክስ» ያወጣው ኮሚክ ነው፤ በአማርኛም በእንግሊዝኛም አለ። ጀግናው አማኑኤል የሚባል፣ ተመርቆ አዲስ አበባ ሥራ የሚፈልግ ወጣት ነው፤ ልዩ ኃይል ያገኛል። አክስቴ ሥዕሉን አይታ «ድብድብ ነው የምታስተምሯቸው?» ብላ ተቆጥታ ነበር። ክርክሯ መሠረት አለው፤ ድብድብ ሸሽተው የመጡ ልጆች ናቸውና። ይሁን እንጂ ለዘገየ አንባቢ ኮሚክን የሚያህል መሣሪያ እስካሁን አላገኘሁም። ንግግሩ አጭር ነው፤ ማን እንደ ተናገረ ሥዕሉ ይናገራል፤ ያልገባ ቃል ቢኖር ፊቱን አይቶ መገመት ይቻላል። ከሁሉም በላይ ሽፋኑ «ሕፃን» አይልም። ልጆቹ በተራ እየተዋሱት፣ ወደ ቤት ሲወስዱት ደብተር ውስጥ ሳይደብቁት፣ እያሳዩት ነው የሚሄዱት። ለሴቶቹ ደግሞ ከብሩክታዊት ጥጋቡ ቤት የወጣው «ጥበብ ገርልስ» አለ። በዚሁ ቤት የተሠራችውና ከ1990ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ በቴሌቪዥን የምናውቃት ቀጭኔዋ ፀሐይ ለታናናሾቹ እስከ ዛሬ አልጠለቀችም።

እንግሊዝኛ የሚያነብ አስተማሪ ካለ ኤልዛቤት ሌርድ ኢትዮጵያን ዞራ ከተራኪዎች አፍ የሰበሰበቻቸውንና እ.ኤ.አ. በ2000 «ዌን ዘ ወርልድ ቢጋን» በሚል ርዕስ ያወጣቻቸውን ይፈልግ። ለልጁ ሳይሆን ለአስተማሪው ነው፤ አንብቦ መልሶ በአማርኛ እንዲያወራው።

አሁን ለደራሲዎቻችንና ለአሳታሚዎቻችን አንድ ነገር ልበል። የምፈልገው መጽሐፍ ገና አልታተመም። ሃያ አራት ገጽ ይሁን፤ በየገጹ ከአሥር ቃል አይብለጥ፤ ፊደሉ ይጉላ፤ በቃልና በቃል መካከል ያለው ክፍተት ይስፋ። ወረቀቱ ርካሽ ቢሆን ግድ የለኝም። ጀግናው አሥራ ሁለት ዓመቱ ይሁን፤ ሥራ ይኑረው፤ ጋሪ ይንዳ፤ በግ ይጠብቅ፤ ጫማ ይጥረግ። ይጥፋበት፣ ይፍራ፣ ይዋሽ፣ ያሸንፍ። በመጨረሻው ገጽ ማንም አይምከረው። ለልጆች የሚጽፍ ሰው ብዙ ጊዜ ወደ ሕፃን ቋንቋ ይወርዳል። ከዚህ መጽሐፍ የሚፈለገው ግን ቃሉ ቀላል፣ ነገሩ ከባድ እንዲሆን ነው። ይህን መጻፍ ልብ ወለድ ከመጻፍ አይቀልም፤ ሲሸጥም ስም አያስጠራ ይሆናል። ገዢው ግን አለ፤ የሚገዛበት ብር እንጂ የሚያነብበት ዓይን አላጣም።

የአክስቴ ልጅ ይህን ሁሉ ስነግራት «እስኪጻፍ አንጠብቅም» አለችኝ። ልጆቹን ጠይቃ ስለ ጭላዳ መጽሐፍ እንዲሠሩ ተስማምተዋል፤ ጭላዳ ያለበት የአማርኛ ታሪክ ካርቶኑ ውስጥ አልነበረምና። ሥዕሉን የምትሥለው ብርዱን የጠየቀችው ልጅ ናት። አንኮበር ያደጉት ሁለት ወንድማማቾች ጭላዳ ሣር ይበላል፣ ገብስም ይሰርቃል ብለው የመጀመሪያዎቹን አራት ገጾች አጻፉ። በሩ አጠገብ የሚቀመጠው ልጅ ግን ጭላዳ አይቶ አያውቅም፤ እርሱ የሚያውቀው ጉሬዛ ነው፤ ጉሬዛ ካልገባ አልጽፍም አለ። ብዙ ተከራክረው ከገጽ አምስት ጀምሮ ጉሬዛ ከሩቅ አገር በእግሩ እየመጣ ነው። ባለፈው ሳምንት ስደውል ገጽ ሰባት ላይ ከጭላዳው ጋር ገደሉ አፋፍ ላይ ተገናኝተዋል። ምን እንደሚባባሉ ግን ገና አልተስማሙም።